ዳለቻና ፊት የሌለው ጋላቢው

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ አዳዲስ የፕላስቲክ ጆጎች ከማዳበሪያ እያወጣ ሲደረድር፣ ፀሐይ ያሞቀው የፕላስቲክ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን መታኝ። አብራኝ የነበረችው ጫልቱ፣ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ጎረቤቴም ጓደኛዬም የሆነችው፣ ሽታውን እንደ አበባ ሽታ ወደ ውስጥ ስባ፣ «ዳለቻ! ዳለቻ ሸተተኝ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን የያዝኩትን ቅርጫት ጥብቅ አድርጌ ይዤ ነበር። ለእሷ ያ ሽታ ጨዋታ ነው፤ ያን ዕለት ቀበሌ አልነበረችማ!

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያኔ ዘጠኝ ቢሆነኝ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የናዝሬት ነፋስ የመንገዱን አቧራ እያሽከረከረ አምጥቶ ልብስ ማስጫ ገመዳችን ላይ ያራግፈው ስለነበር፣ እማዬ ያጠበችውን መልሳ ስታጥብ ትውል ነበር። አባዬ በአሰብ መስመር ባለተሳቢ መኪና የሚነዳ ሹፌር ነበር፤ ሲመጣ ፊቱ በጨውና በፀሐይ ተሰነጣጥቆ፣ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ፣ ቴምር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣና እኔን ከመሬት አንስቶ «ክብደት ጨምረሻል፣ ኬላ ላይ ታስይዢኛለሽ!» ይለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ በጋ ግን አንደኛው በቴምር አላበቃም። ወደቡ ላይ አንድ የውጭ አገር መርከበኛ ፀሐይ ጥሎት ወድቆ ሲያገኘው፣ አባዬ ደግፎ ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ ሐኪም ዘንድ አድርሶት ነበርና፣ ሰውየው ሲሻለው አፈላልጎ መጥቶ፣ ቋንቋ ስለማይግባቡ እጁን በደረቱ ልክ ዘርግቶ «ልጅ አለህ?» በሚል ዓይን ጠየቀው፤ አባዬም እጁን ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጎ የእኔን ቁመት አሳየው። መርከበኛው ሄዶ ይዞ የተመለሰው ያንን የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ናዝሬት አይታ አታውቅም። ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የሚመስል ነገር ታጥቆ፣ ራሱን በክብ ቆብ የሸፈነ፣ ፊቱ ባለበት ቦታ ጥቁር መስታወት ብቻ ያለበት ሰው ነበር፤ የእጄን መዳፍ አያክልም። የሚጋልበው ግን አንገቱ የግመል፣ ቀንዱ እንደ ሙክት የተጠቀለለ፣ እንደ ሰጎን በሁለት እግሩ የሚቆም፣ ጭራው የእንሽላሊት የሆነ እንስሳ ነበር፤ ጀርባው ላይ ኮርቻ አለው፣ ከኮርቻው ሥር ደግሞ በጣት ሲጫኑት የሚከፈት ትንሽ በር አለ፤ የሰውየው እግሮች በዚያ ገብተው ይሰወሩና ልክ የተፈናጠጠ ይመስላል። ጫልቱ መጀመሪያ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጭና «ኩን ማሊ?» ብላ ጮኸች፤ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ማለቷ ነው። ከዚያ እንደ አባቷ እንደ ኦቦ ቶሎሳ፣ የወለንጪቲ ገበያ ላይ ከብት እንደሚያሻሽጠው ደላላ፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ ዙሪያውን አየችና ቀለሙ አመድማ ስለሆነ «ዳለቻ ነው ስሙ» ብላ ቆረጠች። ለጋላቢው ስም አላወጣንለትም፤ ፊት የሌለውን ሰው ምን ብሎ መጥራት ይቻላል? ከጨረቃ የመጣ ነው አልን። ዳለቻ ግን ከእኛው አገር ነው አልን፣ ስለዚህ ይርበዋል፤ በጀርባው በር በኩል የገብስ ቆሎ እየጨመርን እናበላው ነበር።

አባዬ ከመሄዱ በፊት ተንበርክኮ፣ ዓይኔን በዓይኑ ይዞ፣ «ትዕግሥቴ፣ ከግቢ እንዳይወጣ፣ እሺ? ከወንበሬ ሥር ደብቄ ነው ኬላውን ያሳለፍኩት» አለኝ። ልጅ ብሆንም ነገሩ ገብቶኝ ነበር። በዚያ ዘመን ከወደብ ዕቃ ይዞ ኬላ ያለፈ ሹፌር፣ ዕቃው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ «አሻጥረኛ» ከተባለ መንጃ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይወስዱት ነበር፤ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ደግሞ የሚጠየቅ አልነበረም።

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈራችን እያለፈች ስለ ኮንትሮባንድና ስለ አብዮቱ ጠላቶች ትለፍፍ ጀመር፤ ድምፁ ከዝናቡ ጋር እየተቀላቀለ የቆርቆሮ ጣራችን ላይ የሚወርደው ዝናብ ራሱ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ይኖር የነበረውን ልብስ ሰፊ፣ አልጋው ሥር ጥቅል ጨርቅ ተገኘበት ብለው ወሰዱት። የስፌት መኪናው በረንዳው ላይ እንዳለ ቀረና ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ከረመ፤ ሚስቱ እንኳ ልታስገባው አልደፈረችም። ከዚያ ትልልቆቹ ሰዎች፣ እኛ ልጆች የተኛን ሲመስላቸው፣ ልብስ ሰፊው «ተናገረ» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ጨርቁን የሰጡትን ሰዎች ስም ጠራ፣ እነሱም ተወሰዱ። «ምን ያድርግ፣ የተያዘ ሰው ይናገራል» አለች እማዬ። ያን ዕለት ዳለቻንና ጋላቢውን ከእጄ ወስዳ የጤፉ ጆንያ ውስጥ ቀበረቻቸው። እኔም ከጆንያው አጠገብ እየተቀመጥኩ፣ በጆንያው ላይ እጄን አድርጌ፣ ቀንዱን በጣቴ እፈልግ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ እንደወጣ ፍተሻ መጣ። ጠዋት ነበር፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አንድ ላይ ሲጮህ እማዬ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች። የገባው አብዮት ጠባቂው ጓድ ማሞ ነበር፤ ከትናንት በስቲያ መጥቶ ወንፊታችንን የተዋሰ የራሳችን ጎረቤት፣ አሁን ግን ጠመንጃ አንግቦ እንደማያውቀን ሆኖ ቆመ። «እመቤት፣ የተደበቀ ነገር ካለ አሁኑኑ ይናገሩ» አላት፤ አንቺ ሲላት ኖሮ በዚያች ጠዋት አንቱ አላት፣ እኔም በዚያች «አንቱ» ከጠመንጃው ይልቅ ደነገጥኩ። አልጋውን ገለበጠ፣ ሣጥኑን በረበረ፣ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ጤፉ ውስጥ ከተተው። ወዲያው «በስመ አብ! ቀንድ አለው!» ብሎ ጮኸና ወደ ኋላ ሲዘል ቆቡ ወደቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ዓመቱን ሙሉ የምንስቅበት ነገር ነበር። እማዬ ግን ግድግዳውን ተደገፈች። ጓድ ማሞ ዳለቻን በቀንዱ፣ ጋላቢውን በእግሩ አንጠልጥሎ አወጣና፣ «ነገ ጠዋት ቀበሌ። ልጅቷም ትምጣ» ብሎ ይዟቸው ሄደ።

በማግስቱ መንገድ ላይ እማዬ እጄን እስኪያመኝ ይዛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «ሲጠይቁሽ ከባቡር ወድቆ አገኘሁት በይ። ከጅቡቲው ባቡር። አባትሽን እንዳትጠሪ። አባትሽን እንዳትጠሪ» እያለች ሄደች። እኔም እያንዳንዱን እርምጃ «ከባቡር ወድቆ፣ ከባቡር ወድቆ» እያልኩ ረገጥኩ።

ቀበሌው ውስጥ ሊቀመንበሩ ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ዳለቻ ቆሟል፣ ጋላቢው ተፈናጧል፣ ከላይ ደግሞ በመስኮት የገባች ፀሐይ አርፋባቸው የፕላስቲኩ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። የተያዘ ዕቃ ሁሉ ተገምቶ ወደ ቀበሌው ሱቅ ስለሚሄድ፣ ገማቹ የሱቁ ዕቃ ጠባቂ ነበር፤ ቀጭን፣ ላብ የሚያጠምቀው ሰው። ዋጋ ያለው ነው ከተባለ ኮንትሮባንድ ነው፤ ኮንትሮባንድ ከሆነ ያመጣው ይፈለጋል። እማዬ ይህንን ታውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ዓይኗን ከዕቃ ጠባቂው አፍ ላይ ያልነቀለችው።

«እህ፣ ከየትኛው ትመድበዋለህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልብስ አይደለም። ኤሌክትሪክ አይደለም። የቤት ዕቃም አይደለም።»

«የሆነውን ንገረኝ እንጂ!»

«ሰውና ከብት ነው» አለ ዕቃ ጠባቂው ላቡን እየጠረገ። ከዚያ ገልብጦ የዳለቻን ሆድ አየና ፊደል በፊደል አነበበ፤ «ሆንግ ኮንግ ይላል።»

«እሱ ደግሞ የት ነው?»

«ቻይና ጥግ መሰለኝ።»

«ቻይና ወዳጃችን ናት ጠላታችን?»

እንኳን እኔ፣ ትልልቆቹም ይህንን ጥያቄ መመለስ አይፈልጉም ነበር፤ በሬዲዮ አምና ወዳጅ የነበረ ዘንድሮ ጠላት፣ ጠላት የነበረው ደግሞ ወዳጅ ሲሆን ሰምተዋልና ዛሬ የቱ እንደሆነ ያረጋገጠ የለም። በመጨረሻ ዕቃ ጠባቂው፣ «ጥግ ነው ያልኩት ጓድ፣ ውስጥ አላልኩም» አለ።

ጓድ ማሞ ሊረዳው ፈልጎ ይሁን አላውቅም፣ «ሰውየው እንኳ ጨረቃ ላይ የወጡትን ይመስላል» ብሎ ጣልቃ ገባ። ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ዞረና «ጨረቃ ላይ የወጡት እነማን ናቸው ጓድ ማሞ?» አለው። ጓድ ማሞ አፉን ከፈተ፣ መልሱ አሜሪካኖች መሆኑ ትዝ ሲለው ዘጋው፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ «ጠፈር ቀድመው የወጡት ግን ሶቪየት ጓዶቻችን ናቸው!» አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ብቻ እንደምፈራ አስብ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጠመንጃ የያዘውም፣ ላብ የሚያጠምቀውም፣ ምናልባት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውም እንደሚፈራ አየሁ፤ ይህም አላጽናናኝም፣ እንዲያውም ባሰብኝ፤ ሁሉም የሚፈራ ከሆነ ማን ሊያድነን ነው?

«ከብት ካለበት የከብት ገማች ይጠራ» አለ ሊቀመንበሩ። የቀበሌው ደንብ እንዲህ ነበር፦ የተያዘው ነገር በግ ይሁን አህያ፣ እግርና ጭራ ካለው ደላላ ሳያየው ዋጋ አይቆረጥለትም። ጓድ ማሞ ሮጦ ሄዶ ኦቦ ቶሎሳን፣ የጫልቱን አባት፣ ከስኳር ሰልፍ ላይ ጎትቶ አመጣው። ኦቦ ቶሎሳ «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደራችሁ፣ እያለ በሳቅ ገባና እማዬን ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ጠረጴዛውን አየ፣ እኔን አየ፤ እኔና ልጁ በዳለቻ ስንጫወት ስንት ጊዜ አይቶናል!

እንደማያውቀኝ ሆነ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ጋላቢውን ነቅሎ አጋደመና፣ ዳለቻን ልክ ገበያ እንደቆመ ወይፈን ይገመግመው ጀመር። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ። ቀንዱን ነቀነቀ። እግሩን አንስቶ ሰኮናውን አየ፣ ጭራውን አነሳ፣ ከዚያ ራሱን ነቅንቆ «ያ ረቢ» አለ።

«ግምቱን!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጓድ፣ ሁለት እግር ነው ያለው። አይታረስበት፣ አይጫን፣ አይታለብ፣ አይታረድ። ይሄን ወለንጪቲ ባወጣው ሰዉ በድንጋይ ያባርረኛል። ዋጋ የለውም።»

የእኔ ዳለቻ ዋጋ የለውም! ልናገር አፌን ስከፍት እማዬ ክንዴን ከኋላ ቆነጠጠችኝ። በዚያው ቅጽበት የኦቦ ቶሎሳ አውራ ጣት ኮርቻው ሥር ገባና የጀርባው በር ጠቅ ብሎ ተከፈተ።

«መደበቂያ አለው!» አለ ጓድ ማሞ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ። ሊቀመንበሩ ተነሳ። የእማዬ ጣቶች ክንዴ ላይ እንዳሉ ደረቁ። ኦቦ ቶሎሳ ዳለቻን ቀስ አድርጎ ዘቀዘቀው፤ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ እያለ የወረደው፣ እኔና ጫልቱ በጋውን ሙሉ ያበላነው፣ ክረምቱ ያሻገተው የገብስ ቆሎ ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ አንዷን ፍሬ አንስቶ አሸተተና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ታበያዋለሽ እንዴ ልጄ?» አለኝ።

«ይርበዋላ» አልኩ።

ዕቃ ጠባቂው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ጓድ ማሞ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ወደ ፊቴ ጎንበስ አለና «ከየት አመጣሽው?» አለኝ። ያ ሁሉ መንገድ ስረግጠው የመጣሁት ዐረፍተ ነገር ጥሎኝ ጠፋ። «ከባቡር» አልኩ። «ከባቡር ምን?» «ወርዶ... መጣ።» ሊቀመንበሩ «ትኬት ነበረው?» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እማዬም የሳቀች መሰለች፤ የእኔ እግር ግን በሞቀ ነገር ርሶ ነበር።

ከዚያ ፈረደ። «ከብቱ ዋጋ የለውም ተብሏል፣ ይመለስላት። የታጠቀው ግን የማን ሠራዊት እንደሆነ እስኪጣራ እዚሁ ይቆያል።» ይህን ብሎ ጋላቢውን አነሳና መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ቆለፈበት።

እማዬ እቤት ስትደርስ በሩን ዘግታ «ተመስገን» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ግን መፍራት የጀመርኩት ገና ያኔ ነበር። ጋላቢው ታስሯል። ከአሰብ እስከ ናዝሬት በአባዬ ጋቢና ውስጥ፣ ከአባዬ ወንበር ሥር ሆኖ መጥቷል፤ ኬላውን ያውቃል፣ የአባዬን ድምፅ ያውቃል፣ ስሙን ያውቃል። የተያዘ ሰው ደግሞ ይናገራል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀበሌው አጥር ጥግ እየሄድኩ ጆሮዬን እጥል ነበር፤ ከመሳቢያው ድምፅ ይሰማ እንደሆነ። በዳለቻ መጫወት ተውኩ፤ ባዶ ኮርቻውን ባየሁ ቁጥር ያንን ጨለማ መሳቢያ አስብ ነበር። ጫልቱ «ነይ እናብላው» ስትለኝ «ጠግቧል» እላት ነበር።

ጥቅምት ውስጥ አንድ እኩለ ቀን ላይ ከነዳጅ ማደያው በኩል የአባዬ መኪና ፍሬን ሲተነፍስ ሰማሁና እማዬ ሳታየኝ ወጥቼ ሮጥኩ። ገና ከጋቢናው ሲወርድ እግሩ ላይ ተጠምጥሜ፣ «አባዬ ቤት አትምጣ! ጋላቢው ቀበሌ ታስሯል፣ ስምህን ይነግራቸዋል!» አልኩት። ሁሉንም፣ ጤፉን፣ ሆንግ ኮንግን፣ ቆሎውን፣ መሳቢያውን፣ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ሳቀ፤ አባዬ ጉሮሮው እስኪታይ ነበር የሚስቀው። ረዳቱ አብሮት ሊስቅ ዞር ሲል ግን የአባዬ ሳቅ አልቆ ነበር፤ ረዳቱን «ጎማ እይ» ብሎ ላከውና ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ «ሊቀመንበሩ ስሜን ጠርቶታል?» አለኝ። እኔ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ሕፃን ስለሆንኩ እንደምፈራ፣ እሱ ሲመጣ እንደሚያልቅ አምኜ ነበርና። እጄን ይዞኝ በእግር ወደ ቤት ሄድን፤ በዚያ ሁሉ ፀሐይ እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

ለምሳ እንደቀረብን በሩ ተንኳኳ። እማዬ በአገጯ የጓሮውን በር አሳየችው። አባዬ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀና ተነስቶ፣ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከትቶ፣ ከፈተ። ጓድ ማሞ ነበር፤ ጠመንጃ አልያዘም። «እንኳን በሰላም ገባህ» አለ፣ አንዱን እግሩን በሌላው እያከከ። ከዚያ ወደ ውስጥ እኔን ፈልጎ አየና፣ «ያ ከብት... አለ? የሊቀመንበሩ ልጅ ሰውዬውን ይዞ ይዞ፣ ከብቱ የት አለ፣ ከብቱን አምጡ እያለ ምግብ እምቢ አለ» አለ።

አባዬና እማዬ ተያዩ። እኔ ማንም ሳይነግረኝ ሄጄ ዳለቻን አመጣሁና፣ ለእንግዳ ውሃ እንደሚሰጥ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ «እንካ ጋሼ» አልኩት። ጓድ ማሞ ተቀበለኝና አገላብጦ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሩ በየት በኩል ነበር?» አለኝ። አሳየሁት። «አንቺም ጎበዝ ነሽ» አለና ኮቱ ሥር ደብቆት ሄደ፤ ልክ አባዬ ኬላውን እንዳሳለፈው። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ዕቃ የጠየቀን የለም፤ የአባዬም ስም አልተጠራም። አለቀስኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላለቀስኩም። ከዓለም ሁሉ የምወደውን ነገር ሲወስዱት ደስ ብሎኝ፣ ተመልሼ ቁጭ ብዬ ምሳዬን በላሁ።

አሁን ያ መንግሥት ወድቋል፤ ሰው መንገድ ላይ ጮክ ብሎ ያወራል፣ አባዬም ከጓደኞቹ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስለ ሹማምንት ይቀልዳል። ከዚያ በኋላ የተወለደው ታናሽ ወንድሜ ሰባት ዓመቱ ነው፤ «ፍተሻ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ፣ ዕቃ መፈለግ ነው ብዬ ብነግረው «ጨዋታ ነው?» አለኝ። ምግብ ላይ ሆነን በር ሲንኳኳ፣ ማነው ሳይል ሮጦ የሚከፍተው እሱ ነው። እኛ ሦስታችን ግን፣ አባዬም፣ እማዬም፣ እኔም፣ የጠቀለልነውን ጉርሻ በእጃችን እንደያዝን ዝም እንላለን፤ እሱ ከደጅ «ግቡ! ግቡ!» እያለ ሲጮህ ስንሰማ ነው የምንጎርሰው።